የሞተር መጋዝ ባር፦ ምን ለክቶ መግዛት፣ እንዴት መቀየር

ድሬዳዋ ውስጥ ለሞተር መጋዙ ባር ፈልጎ መለዋወጫ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ኢንች?» የሚል ነው። «ሃያ» ይላል፣ ሃያ የተጻፈበት ባር ይሰጡታል፣ ከፍሎ ይወጣል። ቤቱ ደርሶ ሲገጥመው ወይ ሰንሰለቱ አልገባ ይላል፣ ወይ ይገባና እንደሚነቃነቅ ጥርስ ይወላገዳል፣ ወይ ደግሞ ባሩ ራሱ ከመጋዙ ብሎን ጋር አይስማማም። ርዝመት መታወቅ ካለባቸው አምስት ነገሮች አንዱ ብቻ ነው። ያውም ቢሳሳቱበት ጉዳቱ ቀላሉ እሱ ነው።

አምስቱ እነዚህ ናቸው፦ ርዝመት፣ ፒች (የሰንሰለቱ ሪቬቶች፣ ማለትም ማያያዣ ሚስማሮች፣ መራራቅ፤ 3/8፣ 0.325 እና 0.404 የሚባሉት ቁጥሮች እሱን በኢንች የሚናገሩ ናቸው)፣ የቦዩ ስፋት (ጌጅ የሚሉት)፣ የውስጥ ጥርሶች ብዛት፣ እና የባሩ እግር ቅርጽ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት በስሞቹ እንግባባ። ባር ማለት ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ጠፍጣፋ ብረት ነው። ጠርዙን ዞሮ የተቆፈረውን ጠባብ መስመር ቦይ፣ ቦዩን ግራና ቀኝ የያዙትን ሁለት ቀጭን ጠርዞች ከንፈር እንላቸዋለን። ከሰንሰለቱ ወደ ታች ወርደው ቦዩ ውስጥ የሚሄዱት የውስጥ ጥርሶች ናቸው፤ እንጨቱን የሚበሉት ከላይ ያሉት ቆራጮቹ ናቸው። ሞተሩ ጋ ሆኖ ሰንሰለቱን የሚጎትተው ማርሽ ስፕሮኬት ይባላል። ባሩ ከመጋዙ ጋር የሚታሰርበት የኋላ ጫፍ እግሩ፣ የፊተኛው ጫፍ አፍንጫው ነው።

አሮጌው ባር በእርግጥ አልቋል?

ደህና ባር ይጣላል፤ ያለቀ ባር ደግሞ አዲስ ሰንሰለት ይበላል። ሁለቱም በየቀኑ የሚደረግ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ባሩን ፈቱና በደንብ አጽዱት። ቦዩ ውስጥ የደረቀውን የዘይትና የሰጋቱራ ጭቃ በተሰበረ የሰጌቶ ምላጭ ከእግሩ ወደ አፍንጫው እየገፋችሁ አውጡት። እግሩ ላይ ያሉትን የዘይት ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ክፈቱ። ሳይጸዳ የተለካ ባር ውሸት ይናገራል።

ከዚያ የቦዩን ጥልቀት ለኩ። ለትናንሾቹ መጋዞች፣ ማለትም 3/8 ዝቅተኛ ፕሮፋይል ለሚባለው ሰንሰለት፣ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች መውረድ የለበትም። ለ0.325 እና ለመደበኛው 3/8 ዝቅተኛው 6 ሚሊ ሜትር ነው። ለ0.404 ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር። ከዚህ ካነሰ የውስጥ ጥርሶቹ ጫፍ የቦዩን ወለል መፋቅ ይጀምራል፤ ሰንሰለቱ ከንፈሮቹ ላይ መቀመጡን ትቶ በጥርሶቹ ጫፍ ይንፈላሰሳል። ያን ባር ማንም አያድነውም።

ቀጥሎ ሰንሰለቱን ባሩ ላይ እንዳለ አድርጋችሁ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ከባሩ ጎን ላይ አስጠጉ፤ ማስመሪያው የአንዱን ቆራጭ ጎንም ይንካ። በማስመሪያውና በባሩ አካል መካከል ክፍተት ከታየ ከንፈሮቹ ጤነኛ ናቸው። ማስመሪያው ባሩ ላይ ልጥፍ ካለ ሰንሰለቱ ወደ ጎን ተኝቷል ማለት ነው፤ ወይ ከንፈሮቹ ተከፍተዋል ወይም ቦዩ ሰፍቷል። በሁለቱም ጎን ሞክሩት።

ባሩን በጠርዙ አቁማችሁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ የመስኮት መስታወት ወይም የወለል ሴራሚክ ላይ አስቀምጡት። ቀጥ ብሎ ካልቆመና ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አንዱ ከንፈር ከሌላው ዝቅ ብሏል። ከዚያ አናጢ ጣውላ እንደሚያይ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ በቁመቱ ተመልከቱት፤ የተጣመመ ባር ወዲያው ይታያል። ከንፈሩ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካለ ያ ቦታ ያለ ዘይት ሠርቶ ተቃጥሏል፤ ብረቱ ጥንካሬውን ስላጣ ከሌላው ቦታ ቀድሞ ይበላል። ጣት የምታክል ሰማያዊ ነጥብ አታስጨንቃችሁ። ረጅም መስመር ከሆነ ግን ባሩን ሸኙት። አፍንጫው ላይ ያለችውን ትንሽ ማርሽ በጣት አዙሩ፦ በነፃነት መዞር አለባት፣ ወደ ጎን ስትነቃነቅ ግን ኩሽኔታዋ አልቋል።

ከእነዚህ ውስጥ በሞረድ የሚስተካከሉ ሁለት ናቸው። አንዱ በከንፈሩ ጎን ወደ ውጭ የተገለበጠ ስለታም ጠርዝ ነው፤ ጠፍጣፋ ሞረድ በባሩ ጎን አስተኝታችሁ ታነሱታላችሁ። ይሄ ሰንሰለቱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በተሳለ ቁጥር መደረግ ያለበት ነው፤ ከተተወ ጠርዙ ተሰብሮ ሲወጣ የከንፈሩን ሥጋ ይዞት ይሄዳል። ሁለተኛው የከንፈር መበላለጥ ነው። ባሩን በሞርሳ አስሩ፣ ሞረዱን ከባሩ ጎን ጋር በትክክል 90 ዲግሪ እንዲሆን ቀጥ ካለ እንጨት ጋር አያይዛችሁ ያዙ፣ ሁለቱንም ከንፈር በአንድ ጊዜ ከእግር እስከ አፍንጫ በረጅሙ ሞርዱ። በስኳድራ እያያችሁ፣ እስኪተካከሉ ብቻ። ድሬዳዋ ባቡር ያሳደጋት ከተማ ስለሆነች ሞርሳና ጥሩ ሞረድ ያለው ጋራዥ ፈልጎ ማጣት አይቻልም፤ ነገር ግን በግራይንደር «በአንድ ደቂቃ እጨርስላችኋለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ባራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ግራይንደር ያሞቃል፣ የሞቀ ከንፈር ይለሰልሳል፣ ደግሞም በእጅ የተያዘ ግራይንደር ቀጥ ያለ ማዕዘን አያወጣም።

የተከፈተ ከንፈር በመዶሻ እየቀጠቀጡ መዝጋትም የተለመደ ነው። ለአንድ ሥራ ሊያደርስ ይችላል። ግን ቦዩ አንዱ ጋ ጠቦ ሌላው ጋ ሰፍቶ ይቀራል፣ ጠባቡ ቦታ ደግሞ ሰንሰለቱን እየያዘ ያሞቀዋል።

አምስቱ ልኬቶች

ብዙ ጊዜ መልሱ አሮጌው ባር እግር ላይ ታትሟል፤ በሽቦ ብሩሽና በጥቂት ናፍጣ ካጸዳችሁት «0.325፣ 0.058፣ 76» ዓይነት ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ፒች፣ ሁለተኛው ስፋት በኢንች፣ ሦስተኛው የውስጥ ጥርስ ብዛት ነው። ጽሑፉ ከጠፋ መለካት ነው።

ፒች በሰንሰለቱ ላይ ይለካል። ሦስት ተከታታይ ሪቬቶችን ያዙ፤ ከመጀመሪያው መሐል እስከ ሦስተኛው መሐል ያለው ርቀት ለሁለት ሲካፈል ፒቹ ነው። በሦስቱ ሪቬቶች መካከል 16.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ 0.325 ነው። ወደ 18.6 ከሆነ 3/8፣ 20.5 ከሆነ 0.404። ካሊፐር ከሌላችሁ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል፦ አሥራ አንድ ሪቬት ቁጠሩና ከመጀመሪያው እስከ አሥራ አንደኛው ለኩ። 0.325 ስምንት ሴንቲ ሜትር ከሩብ ገደማ ይሰጣል፣ 3/8 ደግሞ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ከሦስት ሚሊ። ልዩነቱ አንድ ሴንቲ ስለሆነ መሳሳት አይቻልም። የቆየ ሰንሰለት ሪቬቱ ስለሚላላ ትንሽ ይረዝማል፤ ለዚያ ተዘጋጁ።

መደበኛው 3/8 እና ዝቅተኛ ፕሮፋይሉ 3/8 በዚህ ልኬት አንድ ይመስላሉ፣ አንድ ግን አይደሉም። ዝቅተኛው ቆራጩ አጠር ያለ፣ ለትናንሽ መጋዞች የተሠራ ነው። ስፕሮኬቱም የባሩ አፍንጫም ይለያል። «ሦስት ስምንተኛ» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ።

ስፋቱን ለማወቅ የውስጥ ጥርሱን ውፍረት በካሊፐር ለኩ። የሚመጣው ከአራት አንዱ ነው፦ 1.1፣ 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር። በኢንች 0.043፣ 0.050፣ 0.058፣ 0.063 ማለት ነው። የባሩን ቦይ አትለኩ፤ ያረጀ ቦይ ስለሚሰፋ 1.3 የነበረው 1.5 ሊመስል ይችላል። በ1.5 እና በ1.6 መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን አያየውም፣ መጋዙ ግን ያውቀዋል፦ 1.6 ሰንሰለት 1.5 ቦይ ውስጥ አይገባም ወይም ተጨናንቆ ይቃጠላል፤ 1.5 ሰንሰለት 1.6 ቦይ ውስጥ ደግሞ ያዘነብላል፣ ቆረጣው ይጠማል።

የሰንሰለቱም ብረት ይናገራል። በሽቲል ሰንሰለት የውስጥ ጥርሱ ላይ የታተመችው አንድ አኃዝ ስፋቱ ናት፤ 1 ለ1.1፣ 3 ለ1.3፣ 5 ለ1.5፣ 6 ለ1.6። ቆራጩ ላይ ያለችው ቁጥር ደግሞ ፒቹን ትናገራለች፤ 2 ማለት 0.325፣ 3 ማለት 3/8፣ 4 ማለት 0.404፣ 6 ማለት ዝቅተኛው 3/8 ነው። በኦሪገን ሰንሰለት ሁለቱም በአንድ ቁጥር ይገለጻሉ፦ 21 ከታተመበት 0.325 በ1.5 ነው፣ 73 ከሆነ 3/8 በ1.5፣ 75 ከሆነ 3/8 በ1.6፣ 91 ከሆነ ዝቅተኛው 3/8 በ1.3።

የውስጥ ጥርሶቹን መቁጠር አሰልቺ ነው፣ ግን አትዝለሉት። በአንዱ ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ሁለት ሁለት እያላችሁ ዞራችሁ እስክትመጡ ቁጠሩ። ካርቶን ላይ የተጻፈው ኢንች አንዳንዴ ያጋንናል፤ የጥርስ ቁጥር ግን አያጋንንም። ርዝመት ራሱ የሚለካው ከመጋዙ አካል እስከ አፍንጫው ጫፍ እንጂ ባሩን ፈትቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይደለም። 14 ኢንች ወደ 35 ሴንቲ ሜትር፣ 16 ወደ 40፣ 18 ወደ 45፣ 20 ወደ 50 ነው።

የመጨረሻው እግሩ ነው፤ በገበያ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። ባለ 72 የሁስክቫርና 372 ባር እና ባለ 72 የሽቲል 381 ባር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁለቱም 20 ኢንች፣ ሁለቱም 3/8፣ ሁለቱም 72 ጥርስ። ከሩቅ መንታ ናቸው። ግን የሁስክቫርናው ቦይ 1.5 ነው፣ የሽቲሉ 1.6። የሁስክቫርናው እግር ላይ ያለው ረጅም ክፍተት 9 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሽቲሉ 12። የሽቲሉ ባር ሁስክቫርና ላይ ይገባል፤ ገብቶም ይወዛወዛል፣ የዘይት ቀዳዳውም ከመጋዙ የዘይት መውጫ ጋር አይገጥምም፣ ባሩም ሳምንት ሳይሞላው ይቃጠላል። ስለዚህ እግሩ ላይ ሦስት ነገር ይታይ፦ ብሎኖቹ የሚገቡበት ክፍተት ስፋት፣ የሰንሰለት መወጠሪያው ፒን የምትገባበት ቀዳዳ፣ እና የዘይት ቀዳዳዎቹ ያሉበት ቦታ።

በከተማው በብዛት የሚታዩት 5200 እና 5800 የሚል የተጻፈባቸው የቻይና መጋዞች ዘንድ የተለመደው ባር 20 ኢንች፣ ፒቹ 0.325፣ ስፋቱ 1.5፣ ጥርሱ 76 ነው። በ18 ኢንች ሲመጡ ጥርሱ 72 ይሆናል። ይህ የተለመደው ነው፤ የእናንተን ግን ቁጠሩት። ከቀድሞ ባለቤት የተገዛ መጋዝ ከሆነማ የትኛው ስፕሮኬት እንደተገጠመለት ፈትቶ ማየት ግድ ነው፤ የሰንሰለቱ፣ የስፕሮኬቱና የባሩ አፍንጫ ፒች ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው።

ሱቁ ውስጥ

አሮጌውን ባር ከነሰንሰለቱ ይዛችሁ ሂዱ። በቃል የተነገረ ልኬት ከመጋላ ሰፈር ከዚራ ሰፈር እስኪደርስ ይለወጣል።

አዲሱን ባር ከአሮጌው ላይ ደርባችሁ እግሩን አመሳስሉ፦ ክፍተት በክፍተት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ። ከዚያ በቁመቱ አይታችሁ አለመጣመሙን አረጋግጡ። ሰንሰለቱን እዚያው ቦዩ ውስጥ አስገቡት፤ በእጅ ሲገፋ ሳይይዝ መሄድ፣ ወደ ጎን ሲነቀነቅ ደግሞ ለመታየት እንኳ የማይበቃ ያህል ብቻ መንቀሳቀስ አለበት። የአፍንጫውን ማርሽ አዙሩ። ርካሽ ባሮች ላይ የምናየው ዋናው ጉድለት የከንፈሩ ብረት አለመጠንከሩ ነው፤ አዲስ ሞረድ ጥግ ላይ በቀስታ ሲነካው እንደ ለስላሳ ብረት በቀላሉ የሚነክስ ከሆነ ከንፈሩ አልተጠነከረም። ባለ ሱቁ ሞረድ ማስነካቱን ካልፈቀደ፣ ያም አንድ መልስ ነው።

ርዝመትን በተመለከተ ምክራችን ወደ አጭር ነው። ለ52 እና 58 ሲሲ ሞተር 18 ኢንች ይመቻል፣ 20 ይሄዳል፣ 22 ግን ግራርና ፕሮሶፒስ (የቆላው እሾሃማ ዛፍ) ለሚቆርጥ ሰው ሸክም ነው። ረጅም ባር ብዙ ሰንሰለት ይጎትታል፣ ብዙ ዘይት ይፈልጋል፣ ሞተሩ ዙር ያጣል፤ ዙር ያጣ ሰንሰለት አይቆርጥም፣ ሰውየው ይጫነዋል፣ ጭነቱ የታችኛውን ከንፈር ይበላል። ለሐረር ዙሪያ ባሕር ዛፍ፣ አጣና ለሚቆርጥ ሰው፣ 16 እንኳ ይበቃል።

አፍንጫም ሁለት ዓይነት ነው። ማርሽ ያለው አፍንጫ ሰንሰለቱን በቀላሉ ያዞራል፣ ሙቀት ይቀንሳል፤ ለጣውላና ለንጹሕ ግንድ እሱ ነው። ድፍን አፍንጫ ማርሽ የለውም፣ ሰንሰለቱ በጠንካራ ብረት ላይ ይንሸራተታል፤ ብዙ ዘይት ይጠጣል፣ ግን አሸዋ የሚገባበት ኩሽኔታ የለውም። ጉቶ ከመሬት አስጠግቶ ለሚቆርጥ፣ አቧራ የጠገበ ፕሮሶፒስ ለሚያጸዳ ሰው፣ ድፍኑን ካገኘ እሱን ይውሰድ። ድፍን አፍንጫ ላይ ሰንሰለቱ ትንሽ ላላ ተደርጎ ነው የሚወጠረው።

ማውጣትና መግጠም

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ አንድ ጎኑ 13 ሌላው ጎኑ 19 የሆነው ከመጋዙ ጋር የሚመጣው ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ የቆዳ ጓንት። መሬት ላይ አትሥሩ፤ ጠረጴዛ ወይም ቢያንስ ንጹሕ ጆንያ ዘርጉ። ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዝቅዝ፣ የካንዴላውን ካፕ ንቀሉ።

አንደኛ፣ የሰንሰለቱን ፍሬን ልቀቁ፤ የፊተኛውን እጅ መከላከያ ወደ እጀታው ሳቡት። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ፍሬኑ ካቨሩ ውስጥ በሆነባቸው መጋዞች፣ የቻይናዎቹ 5200 እና 5800 ከነሱ መካከል ናቸው፣ ፍሬኑ ተይዞ ካቨሩ ከተፈታ የፍሬኑ ቀበቶ ይጠብና ካቨሩ ተመልሶ ከፍሪሲዮኑ ከበሮ ላይ አልገባም ይላል። የደረሰበት ሰው መዶሻ አያንሳ። ካቨሩን ጠረጴዛ ላይ አጥብቆ ይዞ መከላከያውን ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ ስፕሪንጉ ኃይለኛ ስለሆነ ጣት ውስጥ አይግባ።

ሁለተኛ፣ ሁለቱን ዳዶ ፍቱ፣ ካቨሩን አውጡ። የመወጠሪያውን ብሎን ወደ ግራ አዙራችሁ አላሉ፣ ባሩን ወደ ሞተሩ ግፉት፣ ሰንሰለቱ ሲላላ ከአፍንጫው ጀምራችሁ አውጡት።

ሦስተኛ፣ ጥረጉ። የዘይት መውጫዋ ቀዳዳ ብሎኖቹ አጠገብ ናት፤ ዙሪያዋ የተጋገረው ሰጋቱራ ካልተነሳ አዲሱም ባር በዘይት ጥም ይሞታል።

አራተኛ፣ ስፕሮኬቱን እዩ። የሰንሰለቱ ጥርሶች የሠሩት ጉድጓድ 0.5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ቀይሩት። በተለምዶ አንድ ስፕሮኬት ሁለት ሰንሰለት ያገለግላል። አዲስ ባርና አዲስ ሰንሰለት ባለቀ ስፕሮኬት ላይ መግጠም በአሮጌ ሶል አዲስ ጫማ እንደማሠራት ነው፤ ያለቀው ስፕሮኬት የሰንሰለቱን ጥርሶች በሁለት ሳምንት ወደ ራሱ ቅርጽ ያመጣቸዋል። አንዳንዶቹ ትናንሽ ሽቲሎች ላይ ስፕሮኬቱ ከውጭ በትንሽ ክሊፕ ተይዞ ነው የሚገኘው፤ በካቻቢቴ ይወጣል። በቻይናዎቹ ግን ፍሪሲዮኑ ከላይ ስለሆነ እሱ መፈታት አለበት። ጥርሱ ግራ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ በማዞር ነው። ፒስተኑን ለማቆም ካንዴላውን ፈትታችሁ በቀዳዳው የናይለን ገመድ አስገቡ፣ ጫፉን ውጭ አስቀሩ። ብረት አታስገቡ።

አምስተኛ፣ አዲሱን ባር ብሎኖቹ ላይ አስቀምጡና ወደ ሞተሩ እስከ መጨረሻው ግፉት። ሰንሰለቱን መጀመሪያ ስፕሮኬቱ ላይ፣ ከዚያ በላይኛው ቦይ፣ መጨረሻ አፍንጫው ላይ አልብሱት። በባሩ የላይኛው ጠርዝ ላይ ያሉት ቆራጮች ስለታቸው ወደ አፍንጫው ማየት አለበት። በተቃራኒው የተገጠመ ሰንሰለት ያጨሳል እንጂ አይቆርጥም፤ አዲስ ባር በአምስት ደቂቃ ሰማያዊ የሚያደርገው ይህ ነው።

ስድስተኛ፣ የመወጠሪያው ፒን ባሩ ላይ ካለችው ቀዳዳ መግባቷን በዓይናችሁ አይታችሁ ካቨሩን መልሱ። ፒኗ ከቀዳዳው ውጭ ሆና ዳዶው ከጠበቀ ወይ ትጣመማለች ወይም ካቨሩን ትሰነጥቃለች። ዳዶዎቹን በጣት ብቻ አጥብቁ።

ሰባተኛ፣ የባሩን አፍንጫ በእጅ ወደ ላይ አንሱና ይዛችሁ ቆዩ። አፍንጫው እንደተነሳ የመወጠሪያውን ብሎን ወደ ቀኝ እያዞራችሁ ሰንሰለቱ የባሩን ሆድ (የታችኛውን ጠርዝ) እስኪነካ ወጥሩ፤ አሁንም ሳትለቁት ዳዶዎቹን በቁልፍ አጥብቁ። አፍንጫውን ሳያነሱ የወጠሩት ሰንሰለት የመጀመሪያው እንጨት ላይ ይላላል፣ ምክንያቱም ባሩ በክፍተቱ ልክ ወደ ላይ ከፍ ይልና ውጥረቱ ይጠፋል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ጓንት አድርጋችሁ ሰንሰለቱን ከባሩ ሆድ መሐል ወደ ታች ሳቡ፤ የውስጥ ጥርሶቹ ከቦዩ ሙሉ በሙሉ መውጣት የለባቸውም። ፍሬኑ ተለቆ ሰንሰለቱ በእጅ መሄድ አለበት። አንዱ ቦታ ጠብቆ ሌላው ላይ ከላላ ጥፋቱ የስፕሮኬቱ ወይም የተጎዱ ጥርሶች ነው።

አዲስ ሰንሰለት ከተቻለ ሌሊቱን ዘይት ውስጥ ይደር። ከተገጠመ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ በመካከለኛ ነዳጅ ያለ እንጨት አስኬዱት፣ አጥፉት፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ወጥሩ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት አራት ጊዜ መላላቱ ጤናው ነው፤ ሪቬቶቹ ቦታቸውን እየያዙ ነው።

ባሩን የሚገድሉት ሁለቱ፦ ዘይትና አሸዋ

ድሬዳዋ አሸዋ የሚባል ገበያ ያላት ከተማ ናት፤ ስሙ በከንቱ አልወጣም። በክረምት የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ተንከባሎ የመጣ ግንድ ቅርፊቱ ውስጥ አሸዋ ተጠቅጥቆበታል። እሱን በቀጥታ መቁረጥ የሰንሰለቱን ስለት በአንድ ቆረጣ ያጠፋዋል፤ አሸዋው ቦዩ ውስጥ ከዘይት ጋር ተቦክቶ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። የሚቆረጠውን መስመር በመጥረቢያ ላጡት ወይም በውሃ እጠቡት፤ ግንዱን ከመሬት በድጋፍ አንሱት። የቆረጣው መጨረሻ ላይ አፍንጫው አፈር እንዳይነካ ለመጠንቀቅ ይህ ብቻ ይበቃል።

ዘይትን በተመለከተ፣ ከመኪና የወጣ ያገለገለ ዘይት አታስገቡ። ነፃ መሆኑ ያታልላል። ውስጡ የብረት ብናኝና ካርቦን አለ፣ የዘይት ፓምፑን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ቆዳንም ይጎዳል። የሰንሰለት ዘይት ካልተገኘ አዲስ የሞተር ዘይት ይሠራል፤ በድሬዳዋ ቆላ 40 ቁጥር፣ በሐረር የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት 30 ቁጥር። ቀጭን ዘይት በሙቀት ላይ አፍንጫው ጋ ሳይደርስ ተወንጭፎ ያልቃል።

ዘይቱ መድረሱን ለማየት የሚሄደውን ሰንሰለት አፍንጫ ከነጭ ካርቶን ወይም ከተላጠ ግንድ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ያዙት፤ ጥቂት ሰከንድ ውስጥ የዘይት መስመር መታየት አለበት። ሌላም ምልክት አለ፦ አንድ ታንከር ቤንዚን ሲያልቅ የዘይቱ ታንከርም ሊያልቅ መቃረብ አለበት። ቤንዚኑ አልቆ ዘይቱ ከግማሽ በላይ ካለ ባሩ እየተጠማ ነው።

አፍንጫው ላይ የግራሶ ቀዳዳ ካለ ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር ጥቂት ግራሶ ስጡት፣ መጀመሪያ ቀዳዳውን ጠርጋችሁ። ቀዳዳ የሌለው ከሆነ የተዘጋ ነው፣ መውጊያ አትፈልጉለት።

ከተገጠመ በኋላ የሚመጣ ችግር

ቆረጣው ወደ አንድ ጎን ከጠመመ ባሩን ገልብጣችሁ ግጠሙትና እንደገና ሞክሩ። ጥመቱ ከጠፋ ወይም ከተለወጠ ጥፋቱ የባሩ ከንፈር ነው። ያው እንደነበረ ከቀጠለ ሰንሰለቱ ነው፤ የአንድ ጎን ቆራጮች ከሌላው ጎን አጥረው ወይም በሌላ ማዕዘን ተስለዋል። መገልበጡ ለምርመራ ብቻ አይደለም፣ ሰንሰለቱ በተሳለ ቁጥር ባሩ መገለበጥ አለበት፤ አለበለዚያ አንዱ ጠርዝ አልቆ ሌላው አዲስ እንደሆነ ባሩ ይጣላል።

ሰንሰለቱ በተደጋጋሚ ከባሩ ከዘለለ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ውጥረት፣ ከዚያ ስፋቱ መግጠሙ፣ ከዚያ የአፍንጫው ማርሽ፣ ከዚያ ስፕሮኬቱ። የዘለለ ሰንሰለት የውስጥ ጥርሶቹ ጎን ይፋቃል፤ ተመልሶ ከመግባቱ በፊት ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጠፍጣፋ ሞረድ አለስልሱ፣ አለበለዚያ አዲሱን ቦይ እየቧጨሩ ይዞራሉ።

ነዳጅ ሳይሰጠው ሰንሰለቱ ከዞረ ባሩን አትክሰሱ፤ የስራ ፈት ዙሩ በዝቷል ወይም የፍሪሲዮኑ ስፕሪንግ ላልቷል። እንዲሁም ከድሬዳዋ ተነስቶ በደንገጎ ዳገት ሐረር የወጣ መጋዝ «አዲሱ ባር ከበደው» ይባላል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ከጉልበቱ ስድስት በመቶ ገደማ ያጣል፣ ካርቡራተሩም ቤንዚን ያበዛል። ማስተካከያው ካርቡራተሩ ላይ ነው።

ሥራ ሲያልቅ፣ መጋዙ ገና ትኩስ ሳለ የተወጠረውን ሰንሰለት አላልተው ያሳድሩት። ሙቅ ሰንሰለት ሲቀዘቅዝ ያጥራል፣ አጥሮም ባሩን፣ ስፕሮኬቱንና የሞተሩን ዘንግ ኩሽኔታ ሌሊቱን ሙሉ ይጎትታል። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት አፍንጫውን አንስቶ እንደገና መወጠር ነው።